«ይብላ፣ ይበርታ» እያልን የምንቀብረው ሰው

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፤ ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቤታችሁ ስትሮክ የመታው ሰው ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከሌለም አንብቡት፤ ነገ የማን ቤት እንደሚገባ አይታወቅም።

ሳላለሳልስ ልናገር። እኛ አካባቢ፣ ከበደሌ በሁሩሙና በመቱ አድርጎ እስከ ጎሬ ባለው መስመር፣ ከስትሮክ ተርፈው በአጥሚት የሚሞቱ ሰዎች አሉ። በማንኪያ የሰጠናቸው ነገር ወደ ሆድ መሄዱ ቀርቶ ወደ ሳንባ ይገባል። ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ማቃሰት፣ ከዚያ «በሽታው ጠናበት»። ለቅሶ ቤት ስንደርስ «ስትሮክ ነው የገደለው» እንባባላለን። ስትሮኩማ አልጋ ላይ ጣለው እንጂ ነፍሱን አልወሰደም። የወሰደው የሳንባ ምች ነው፤ እሱን ለመከላከል ደግሞ ልናደርገው የምንችለው ብዙ ነገር ነበር።

ዛሬ ክርክሬ ከሁለት ወገን ጋር ነው። አንደኛው «መሣሪያ የለም፣ ስፔሻሊስት የለም» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው የጤና ባለሙያ ነው። ሁለተኛው በቲክቶክና በቴሌግራም «ይቺን ንፉ፣ በሳምንት ትድናላችሁ» እያለ ዕቃ የሚሸጠው ነው። አንደኛው ምንም አያደርግም፣ ሌላኛው የማይሆነውን ያደርጋል። መሃል ላይ ያለው በሽተኛ ደግሞ ትን ይለዋል።

መጀመሪያ ግን፣ መዋጥን ከትንፋሽ ጋር ምን አገናኘው?

ጉሮሯችን መንታ መንገድ ነው። አንዱ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ጨጓራ። ስንውጥ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሳል፣ የአየሩ በር ይዘጋል፣ ትንፋሻችን ለአንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ቀጥ ይላል። እስቲ አሁን ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጋችሁ ምራቃችሁን ዋጡ። ሲነሳና ሲወርድ ተሰማችሁ አይደል? ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚውጠው አየር እያስወጣ ባለበት ነው፤ ከዋጠ በኋላም የቀረችውን ትንፋሽ ያስወጣል። ያቺ የመጨረሻ ትንፋሽ መጥረጊያ ናት። በሩ ላይ የቀረች ጠብታ ካለች ወደ ውጭ ትገፋታለች።

ስትሮክ ይሄን ቅንጅት ያፈርሰዋል። በሩ ዘግይቶ ይዘጋል። በሽተኛው ዋጥ ካደረገ በኋላ በማስወጣት ፋንታ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጉሮሮው ላይ የቀረውን አብሮ ይስበዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ የሆድና የደረት ጡንቻዎቹ ስለደከሙ ሳሉ ጉልበት የለውም። እኔና እናንተ ትን ሲለን ስለን እናወጣዋለን። እሱ ግን «እህ» ይልና ያበቃል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጉሮሮው ስለደነዘዘ ጭራሽ የማይስለው ነው። ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ ዝም ብሎ ይመለከታችኋል። እናንተም «ተመስገን፣ ዛሬ በደንብ በላ» ትላላችሁ።

ይሄ እኮ በስንት አንዴ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። አሃዙ እንደ መመርመሪያው ቢለያይም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከስትሮክ በሽተኞች ግማሽ ያህሉ የመዋጥ ችግር ይኖርባቸዋል። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል። ቁም ነገሩ እነዚያን ሳምንታት ሳንባቸው ሳይጎዳ እንዲያልፉ ማድረግ ነው።

ባለፈው ዓመት የቡና ለቀማ ሰሞን አንድ አባት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ሌላ ዞን ያለ ሆስፒታል ተኝተው፣ «ተሽሏቸዋል» ተብለው ወደ ገጠር ቤታቸው ተመልሰዋል። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ሆስፒታል ብቻ ስላልሆነ። የመውጫ ወረቀታቸውን አነበብኩት። የደም ግፊት መድኃኒት አለ፣ አስፒሪን አለ፣ የቀጠሮ ቀን አለ። ስለ መዋጥ አንዲት ቃል የለም። ልጃቸው በጀርባቸው አስተኝታ በሲሪንጅ አጥሚት ታንቆረቁርላቸዋለች። ድምፃቸው ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ይንቦጫቦጫል። «ስንት ቀን ሆነ እንዲህ ከሆነ?» አልኳት። «ከሆስፒታል ጀምሮ ነው፤ አክታ ነው አሉን» አለችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ? አባቷን እንዳይርባቸው ነው የምትለፋው። በሲሪንጅ ያስጀመራት ራሱ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ነው።

እንግዲህ ንገሩኝ፤ ያቺን ልጅ ለማስተማር ምን ዓይነት መሣሪያ ያስፈልግ ነበር?

«መሣሪያ የለም» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት አለው። በራጅ እየታየ የሚደረገው የመዋጥ ምርመራ እኛ ዘንድ የለም። የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያዎች በሀገሪቱ ጥቂት ናቸው። ይሄን አልክድም። ግን የመጀመሪያው ማጣሪያ መሣሪያ አይፈልግም። ነቅቷል ወይ? ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይችላል ወይ? ምራቁን ይውጣል ወይስ ይዝረበረባል? «ሳል» ሲባል ጠንከር አድርጎ ይስላል ወይ? ይሄን ካለፈ በሻይ ማንኪያ ውሃ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በየመሃሉ «አ» አስብሎ ድምፁን ማዳመጥ። ካሳለው፣ ድምፁ ከረጠበ ወይም ትንፋሹ ከተለወጠ፣ ማቆም። ካለፈ ደግሞ ወደ 90 ሚሊ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ እንዲጠጣ አድርጎ ማየት። በቃ። ማንኪያ፣ ኩባያ፣ ውሃና ጆሮ ነው የሚጠይቀው። ይሄ እስኪደረግ ድረስ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ኪኒን ጭምር። ካላለፈ በአፍንጫ ቱቦ ይመገባል፣ በየጊዜው እንደገና ይታያል።

«ነርስ ይሄን ቢሠራ ምን ይለወጣል?» ለሚለኝ ደግሞ ማስረጃ አለኝ። አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ በ19 የስትሮክ ክፍሎች ጥናት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት ላይ ወጥቷል። የተጨመረ ማሽን የለም። ነርሶች በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሦስት ነገር እንዲከታተሉ ሠለጠኑ፦ ትኩሳት፣ የደም ስኳር፣ መዋጥ። ከ90 ቀን በኋላ የሞቱት ወይም በሰው እጅ የቀሩት፣ እንደ ድሮው በታከሙበት ቦታ 58 በመቶ፣ ነርሶቹ በሠለጠኑበት ቦታ 42 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱን ያመጡት ሦስቱም አንድ ላይ ናቸው፤ መዋጥ ብቻውን ነው አልልም። ግን ይሄን ሁሉ የሠሩት ነርሶች ናቸው። ተማሪዎቼ፣ እናንተ ማለት ናችሁ።

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ። እኛ ጋ መዋጥ ባለቤት የለውም። ሐኪሙ ሲቲ ስካን ያዝዛል፣ ነርሷ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ፊዚዮቴራፒስቱ እጅና እግር ያንቀሳቅሳል፤ ጉሮሮው የማንም አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ነው፤ ባለሙያው እየበዛ ነው። ግን ዎርድ ውስጥ ሲገባ ቤተሰቡም ሐኪሙም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «መቼ ይራመዳል?» ሳንባው የተበላሸ ሰው የት ይራመዳል? እጅና እግር ማንቀሳቀስ ስለሚታይ ይመሰገናል። ትንፋሽ ስለማይታይ ማንም አያመሰግነውም፤ ስለዚህ ይቀራል።

አሁን ወደ ትንፋሹ ልምምድና ወደ ሻጮቹ ልምጣ።

የትንፋሽ ልምምድ ይረዳል። ማን ምን እንደሚረዳው ግን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ የተጠናው አየር የማስወጣት ጡንቻዎችን የሚያጠነክረው ልምምድ ነው። ትንሽ ቱቦ ውስጥ ስፕሪንግ ያለው ክዳን አለ፤ በቂ ኃይል ካልነፋችሁበት አይከፈትም። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ብዙ ሠርተውበታል። የተለመደው መጠን በአንድ ዙር 5 ጊዜ፣ በቀን 5 ዙር፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለአራት ወይም ለአምስት ሳምንት ነው። በኃይል ስትነፉ የሆድ ጡንቻ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ አገጭ ሥር ያሉት፣ ስንውጥ ማንቁርትን ወደ ላይ የሚስቡት ጡንቻዎችም አብረው ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በስትሮክ በሽተኞች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ከአራት ሳምንት በኋላ የእነዚህ ጡንቻዎች ሥራ መጨመሩንና ወደ አየር መንገድ የሚገባው ፈሳሽ መቀነሱን አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ተአምር አይደለም። ግን መንገዱን ያሳያል፦ ጠንካራ ትንፋሽ፣ ጠንካራ ሳል፣ የተሻለ አዋዋጥ።

አሁን ሻጮቹ የሚሸጡላችሁን ተመልከቱ። በኮቪድ ጊዜ ያወቃችኋት ባለ ሦስት ኳስ ፕላስቲክ ናት። እሷ የተሠራችው አየር ወደ ውስጥ ለመሳብ ነው። ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ሳንባው እንዳይጣበቅ ይጠቀምባታል፤ ጥሩ ዕቃ ናት። ግን ለሳል የሚፈለገው ማስወጣት ነው። «ንፉባት» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ዕቃዋን አያውቃትም። ሌላው ደግሞ «ስትሮ ውሃ ውስጥ ከታችሁ አረፋ አስነፉት» ይላል። ለአስም ወይም አክታ ለሚያስቸግረው ሰው ይሁን። መዋጥ ለማይችል ሰው ግን የውሃ ኩባያና ስትሮ ብቻውን መስጠት አደጋ ነው፤ ሲደክመው ሳያስበው ይስበዋል። ፊኛም እንዲሁ፤ ፊቱ የተጣመመ ሰው ከንፈሩ አየር ስለማይይዝለት ሲታገል ግፊቱ ይጨምራል እንጂ ፊኛው አይነፋለትም።

ያለ መሣሪያ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል? ተማሪዎቼ፣ ይሄን ለአስታማሚዎች አሳዩልኝ። አስታማሚዎች ደግሞ መጀመሪያ ባለሙያ አይቶት ከሆነ ብቻ ጀምሩ።

1. ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በደከመው ጎኑ ትራስ ደግፉ፣ እግሩ መሬት ይንካ። ተኝቶ የሚደረግ ልምምድ ከጉሮሮ ጋር አይሄድም።

2. እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ይሳብ፤ ሆዱ ከፍ ይበል። ከዚያ ከንፈሩን ጠበብ አድርጎ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው፣ ቀስ ብሎ ያስወጣ። አምስት ጊዜ፣ ከዚያ ዕረፍት። በደከመው በኩል ከንፈሩ አየር ካፈሰሰ በጣታችሁ ደግፉለት።

3. ጠረጴዛ ላይ የጥጥ ብጣሽ ወይም የተጨማደደች ወረቀት አድርጉና በአንድ ትንፋሽ ይግፋት። በየቀኑ ትንሽ ራቅ አድርጉት። ሻማ ማጥፋትም ይቻላል። ስፕሪንግ ካለው መሣሪያ ጋር እኩል ነው አልልም፤ ተቃውሞው ትንሽ ነው። ግን ዝም ብሎ ከመተኛት ይሻላል።

4. በአንድ ትንፋሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቁጠር። ዛሬ እስከ አራት ከደረሰ ነገ እስከ አምስት። በአማርኛም በኦሮምኛም ይቁጠር፤ ሳንባው ቋንቋ አይመርጥም።

5. ሆን ብሎ ይሳል። መጀመሪያ መስታወት እንደሚያደበዝዝ «ሀህ» ብሎ፣ ከዚያ ጠንከር ያለ ሳል። ሳሉ ደካማ ከሆነ ስንት ቀን እንደሠራችሁ ሳይሆን ሳሉ ስንት እንደጠነከረ ቁጠሩ።

6. «ትንፋሽ ያዝ፣ ዋጥ፣ ወዲያው ሳል» የሚባለውን ዘዴ ባለሙያ ያስጀምረው፤ ያውም በምራቅ ብቻ። የልብ ሕመም ያለበት የስትሮክ በሽተኛ ላይ የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል በስልክ አይታዘዝም።

ደም ግፊቱ ያልተረጋጋ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰበትና ገና ቀናት የሆነው፣ በቅርቡ ሆዱ ወይም ደረቱ የተቀደደ፣ ቡዓ ያለበት ሰው በኃይል አይንፋ። ካዞረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ አቁሙ።

አንድ ነገር ግን አስምሩልኝ። የትንፋሽ ልምምድ የመዋጥ ማጣሪያን አይተካም። እየነፋ የሚውል ሰው በጀርባው ተኝቶ አጥሚት የሚጋት ከሆነ ልፋቱ ባዶ ነው። አፉ ካልጸዳም እንዲሁ፤ ሳንባ ላይ ምች የሚያስነሳው ብዙውን ጊዜ ከአፍ የወረደ ጀርም ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥርሱንና ምላሱን በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፣ ደካማው ጉንጭ ውስጥ የቀረ ጉርሻ ካለ ማውጣት፣ ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ ማቆየት፤ እነዚህ ከምትገዙት ዕቃ ሁሉ ይበልጣሉ።

ቀጥሎ የምናገረው አንዳንዱን ሊያስቀይም ይችላል። ጠያቂዎች ሆይ፣ የእናንተንም ድርሻ ልንገራችሁ። እኛ ሀገር በሽተኛ ጥየቃ ባዶ እጅ አይሄድም። ማር ይመጣል፣ ወተት ይመጣል፣ ሾርባ ይመጣል፣ «እስቲ በእኔ ሞት አንዲት ጉርሻ» ይባላል። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን መዋጥ ላልቻለ ሰው የእናንተ ጉርሻ ጥይት ናት። ቀጠን ያለ ነገር ይቀለዋል ብላችሁም አታስቡ፤ ለእሱ ውሃ ከሁሉም ፈጣን፣ ከሁሉም አስቸጋሪ ነው። «እንግዲያው ወፍራም ገንፎ» አትበሉ፤ እሱም ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የሚስማማውን ለይቶ የሚናገረው ያየው ባለሙያ ነው። ጠበል ለምታመጡም፣ ዘምዘም ለምታመጡም፦ ማንም እምነታችሁን አይነካም። ይረጭ፣ ይቀባ፣ ይጸለይለት፣ ዱዓ ይደረግለት። መጠጣቱ ግን ጉሮሮው እስኪመለስ ይቆይ። ፈጣሪ በሳንባ በኩል ካልሆነ አልሰማም አይልም።

«ከውጭ ዕርዳታ እስኪመጣ» ለምትሉም አንድ ቃል። እኛ አካባቢ ከውጭ መልካም ሰው ሲመጣ አይተናል። ተዋናዩ ካርል ሃይንዝ ቦም እ.ኤ.አ. በ1981 «ሰው ለሰው» የሚባለውን ድርጅት መሥርቶ ለሀገራችን የሠራውን ኢሉባቦር አይረሳም፤ የመቱ ሆስፒታል ዛሬም በስሙ ይጠራል። ግን ማንኪያና ኩባያ ለመያዝ ሌላ ካርል አንጠብቅ።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም በጀት አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ማንኛውም የስትሮክ በሽተኛ በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፊት መዋጡ ይታይ፤ ውጤቱም ካርዱ ላይ ይጻፍ። «ታይቷል፣ አልፏል» ወይም «አላለፈም»። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠር።

ሁለተኛ፣ ከሆስፒታል ሲወጣ አስታማሚው በቃል ብቻ ሳይሆን በእጁ ሠርቶ ያሳይ። እንዴት እንደሚያስቀምጠው፣ እንዴት እንደሚያጎርሰው፣ ትንፋሹን እንዴት እንደሚያሠራው። ከሁሩሙ ገጠር መቱ ድረስ በሽተኛን በቃሬዛና በባጃጅ አምጥቶ ለአንዲት ምክር ማመላለስ ግፍ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ስድስቱን ነጥብ በግማሽ ቀን ማስተማር ይቻላል።

ሦስተኛ፣ መቱ ዩኒቨርሲቲና በዞኑ ያላችሁ የጤና መምህራን፣ የነርስ ተማሪ ሳይመረቅ በፊት ቢያንስ አሥር በሽተኛ ላይ የመዋጥ ማጣሪያ ይሥራ። መርፌ መውጋት ሳይችል እንደማይመረቀው ሁሉ።

ተማሪዎቼ፣ ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ትሉኝ ነበር። ይሄው መጣ። በየዎርዱ አለ። ነገ ጠዋት ዎርድ ስትገቡ የመጀመሪያው የስትሮክ በሽተኛ አጠገብ ቁሙና ሳሉን አዳምጡ። ድምፁ ከረጠበ ማንኪያውን ከአስታማሚው እጅ በአክብሮት ተቀበሉ፤ «እማማ፣ ትንሽ እንቆይ፣ መጀመሪያ እናስቀምጣቸው» በሉ። አለቃችሁ «ያንተ ሥራ አይደለም» ካላችሁ ይሄን ጽሑፍ አሳዩት።

የማትስማሙ ካላችሁ ከታች ጻፉ፤ በምክንያት እንከራከር። «የትንፋሽ መሣሪያ ስንት ነው» ብላችሁ በውስጥ መስመር አትጠይቁኝ፤ አልሸጥም። የምትስማሙ ከሆነ ላይክ ብቻ አድርጋችሁ አትለፉ፤ በሽተኛ ቤቱ ላለ አንድ ሰው ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «ሲበላ ቁጭ ብሎ ነው ወይስ ተኝቶ?»